ጉባኤውና ገበታው

በሐዋሳ ወደ ተደረገው የተማሪዎች ጉባኤ የተላኩት መልእክተኞች ከተመለሱ ወዲህ፥ በግቢያችን «የማኅበሩን ገንዘብ ዓሣ በልተውበት መጡ» የሚል ነቀፌታ ይሰማል። ነቀፌታው ከአንዳንድ መምህራን አፍ ጭምር ስለ ወጣና፥ በሚመጣው ዓመት በጀት «የጉብኝት ቀን» የሚለው ወጪ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ለማኅበሩ ምክር ቤት ስለ ቀረበ፥ በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆችም ከተላኩት መካከል ነበርን።

በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር፤ ዓሣ በልተናል። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ጀልባዎቹ በጠዋት ሲመለሱ፥ ቆሮሶው ተራግፎ ሲበለት፥ አባ ኮዳዎቹም እንደ ሽማግሌ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው ትርፍራፊ ሲጠባበቁ አይተናል። የተጠበሰውን ዓሣ በዳጣ በላን፤ ዳጣው አስለቀሰን፤ ደግመንም ጠየቅን። በዚህ የሚያሳፍር ነገር አላየንበትም።

ክርክራችን ግን ስለ ዓሣው አይደለም። 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሁለት ቀን ሙሉ የተቀመጥነው የእኛኑ በመሰለ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ስለ አንድነትና ስለ ወጣቱ ድርሻ ብዙ ንግግር ሰማን፤ የውሳኔው ሐሳብም ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። እንዲህ በቀላሉ የጸደቀው የሚያከራክር ነገር ስላልተነሣ ይመስለናል። የሚያከራክረው የተነሣው በሦስተኛው ቀን፥ ከከተማው ወጣ ባለ የአንድ ተማሪ ወላጆች ቤት በገበታ ላይ ነው።

ከባልደረቦቻችን አንዱ ዋሳ፥ ማለት እኛ ቆጮ የምንለው፥ ሲቀርብለት «እንጀራ የለም ወይ?» አለ። የጋበዘን ተማሪ አልተቆጣም። «እኔ አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ዋሳ የለም ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም» አለና ሳህኑን ወደ እርሱ አስጠጋለት። ከዚያ በኋላ ያለው የሁለት ሰዓት ጭውውት ከሁለቱ ቀን ንግግር ይልቅ ጠቀመን።

እንሰትን ብዙዎቻችን የምናውቀው በክትፎ ጎን እንደሚቀርብ ቆጮ ብቻ ነው። የቤቱ እመቤት ግን ከጓሮ ጀምረው አሳዩን። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ግንዱ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፤ ሥሩ ይከተከታል፤ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል፤ ከዚያም ተጨምቆ ይጋገራል። ሲጨመቅ ከሚወጣው ውኃ ሥር ቡላው ይዘቅጣል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል። ሥራው ከባድ ነው፤ የሚሠሩትም ሴቶች ናቸው። ጤፍ ዝናብ ከጎደለበት የዓመቱ ምርት ይጠፋል፤ እንሰት ግን ድርቅን ችሎ ይቆማል፤ በተፈለገም ጊዜ ይቆረጣል። በአገራችን 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእርሱ እንደሚኖር ይገመታል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያኖር ምግብ በእኛ አፍ «የክትፎ ማባያ» ሆኖ መቅረቱ አያስደንቅምን?

ከሁሉ በላይ ያስገረመን የፊቼ ጨምበላላ ነገር ነው። ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፥ ቀኑ አያንቶ በሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን ከጨረቃ ጋር በማስተያየት የሚቈረጠው፥ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። በቃል በሚወርሰው ታሪክ መሠረት ፊቼ የምትባል ሴት ባል ካገባች በኋላ በየዓመቱ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ከእንሰት፥ ከቅቤና ከወተት የተሠራ ቡሪሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ጎረቤቱም ሁሉ ይካፈለው ነበር። በዓሉም ስሟን ያዘ። የአንድ ሕዝብ ዘመን የሚለወጠው ዘመድ በመጠየቅና ከአንድ ገበታ በመብላት ከሆነ፥ የእኛ ጉብኝት የት ላይ ነው ቅንጦት የሚሆነው?

በመኝታ ቤታችን እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ክልሎች የማይከራከር ተማሪ የለም። ስለ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሁሉም አስተያየት አለው። ቡሪሳሜ ምን እንደሆነ ስንጠይቅ ግን ከአሥር አንዱ እንኳ አልመለሰልንም።

የሚሰረዝ ወጪ ከተፈለገ ግን እኛው እንጠቁማለን። በመጨረሻው ማታ በአንድ ሆቴል «የባህል ምሽት» ተደርጎልን ነበር። የቀረበው ክትፎና እንጀራ ነው፤ ተከራይተው የመጡ ተወዛዋዦችም የብዙ ብሔረሰቦችን ልብስ በሩብ ሰዓት ቀያይረው ጨረሱ። ሒሳቡ ከሌላው መስተንግዶ ሁሉ በለጠ። እሱ ይሰረዝ። በቤተሰብ ቤት የተደረገው ግብዣ ማኅበሩን ያስወጣው የአውቶቡስ ኪራይና ለእመቤቲቱ የወሰድነውን ቡናና ስኳር ብቻ ነው።

በሚመጣው ዓመት ጉባኤው በእኛ ግቢ ይሆናል። ስለዚህ ለምክር ቤቱ የምናቀርበው ሐሳብ፥ እንግዶቹ አንዱን ቀን በምግብ አዳራሽ ከሚሰለፉ፥ ወላጆቻቸው በከተማው በሚኖሩ ተማሪዎች ቤት አራት አራት እየሆኑ እንዲስተናገዱ ነው። ምግቡ ሽሮም ቢሆን ይበቃል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች ወላጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ፤ መምህራንም ቤታቸውን ለመክፈት ቢፈቅዱ መዝገቡ ለእነርሱም ክፍት ነው።