ስለ ምስክር አጠያየቅ

ዳኝነት በምስክር ቃል እንዲጸና የታወቀ ነው። ነቢዩ ዳንኤል ሶስናን የከሰሱትን ሁለቱን ሽማግሎች ለየብቻ በጠየቀ ጊዜ ሐሰታቸው ተገለጠ። ነገር ግን መዋሸት የማያስበው ምስክር ደግሞ ሳያውቀው ይሳሳታል፤ የስሕተቱም ምክንያት አንዳንድ ጊዜ የጠያቂው ቃል ነው።

በአሜሪካ ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ ለ150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት በፊልም አሳዩ። የመኪኖቹንም ፍጥነት ሲጠይቁ፥ ለ50ዎቹ «ሲጋጩ»፥ ለሌሎቹ 50 «ሲደቃቀቁ» አሏቸው፤ የቀሩትን 50 ግን ስለ ፍጥነቱ አልጠየቋቸውም። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋልን?» ቢባሉ፥ «ሲጋጩ» ከተባሉት 7፥ «ሲደቃቀቁ» ከተባሉት ግን 16 ሰዎች አየን አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። እነዚህ ሰዎች የጠያቂው ቃል ከትዝታቸው ጋራ ተቀላቀለባቸው እንጂ አልዋሹም።

ስለዚህ መርማሪም ሆነ ዳኛ መልሱን በሚያቀብል ጥያቄ ምስክሩን ከመምራት ሊጠበቅ ይገባዋል። አስቀድሞ «ያየኸውን ተናገር» ብሎ ያስነግረው፤ ቃሉንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ወዲያው ይጻፍ። በዚህ ቸል ቢል ግን፥ ንጹሕ ሰው በእውነተኛ ምስክር አፍ ሊፈረድበት ይችላል።