ፆሙ ገባ፣ ክኒኑስ?

ይቺን ጽሑፍ የምንጽፈው ለስኳር ሕመምተኞች አይደለም። "ልጄ፣ ስትመለሺ ያችን ክኒን ይዘሽልኝ ነይ" ለምትባሉት ነው። ወልድያም ሆነ መርሳ የወላጆቻችንን መድኃኒት ከፋርማሲ የምናመጣው እኛ ነን። ወረፋ እንይዛለን፣ እንከፍላለን፣ ቦርሳ ውስጥ እንከታለን፣ አለቀ። "ጠዋት አንድ" ከሚለው የእጅ ጽሑፍ ሌላ የምንጠይቀው ነገር የለም።

በየካቲት 2018 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በሁለት ቀን ልዩነት ገቡ። ሀብሩን የመሰለ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጠራርቶ ቡና የሚጠጣበት አገር በአንድ ሳምንት ፆመኛ ሆነ ማለት ነው። ጉዳዩ የሚከፋው ያኔ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ያለ ምግብ ከተወሰደ ግን ሆድ ይረብሻል። ግሊቤንክላማይድ ሌላ ነው። ቆሽትን "ኢንሱሊን አምጣ" እያለ ይገፋዋል፤ ሰውየው በላ አልበላ ግድ የለውም። ጠዋት እሱን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ መግሪብ በባዶ ሆድ የዋለ ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል፣ ሲብስም ራሱን ይስታል። (መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ "ጠጥቶ ነው" ተብሎ ይታለፋል። እጅግ የሚያናድደን ይሄ ነው።) የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን መድኃኒት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ ሰዎች አይመክረውም። እስቲ ዛሬ ማታ ቤት ያለውን ካርቶን አንብቡት። "ዳኦኒል" የሚል ከሆነም ያው እሱ ነው። ስሙ ስለተለያየ ሁለት ዓይነት መድኃኒት መስሎት ደርቦ የሚውጥ አለ እኮ!

ይፁሙ አይፁሙ የእኛ ሥልጣን አይደለም። ሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው፤ የንስሐ አባትም ሼኩም ያውቁታል። እኛ የምንለው ፆሙ ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪም ይጠየቅ ነው። ሰዓቱ ሊቀየር፣ መጠኑ ሊቀነስ፣ መድኃኒቱም በሌላ ሊተካ ይችላል። የጠዋቱን ዘልሎ ማታ ሁለት መዋጥ ግን መፍትሔ አይደለም።

ደግሞ "ሜትፎርሚን ኩላሊት ይበላል" የሚባል ወሬ አለ። አይበላም። ኩላሊትን የሚጎዳው ያልተቆጣጠሩት ስኳር ነው። ኩላሊት ሲደክም ግን መድኃኒቱ ከሰውነት በደንብ ስለማይወጣ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቆማል፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ የኩላሊት ምርመራ የግድ ነው።

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ በነበረችባቸው ወራት መድኃኒት ጠፍቶ ነበር። ያኔ ከጎረቤት ክኒን የተበደረን ማንም አይወቅስም። አሁን ግን ልማዱ ቀርቶ የጎረቤት ክኒን እንደ ጨው መዋስ ምን ይሉታል? የእሳቸው ክኒን ለእሳቸው ኩላሊትና ለእሳቸው ምሳ የተለካ ነው። ለሽንት ቧንቧ ሕመም ብለን በዘፈቀደ የምንገዛው ባክትሪም እንኳ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲገናኝ ስኳርን አጉል ያወርዳል።

ስኳራቸው ወርዶ ሲያልባቸው ካያችሁ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፣ ካልተሻላቸው ድገሙ፣ ከዚያም ምግብ። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ሐኪም ቤት ሩጡ። በግሊቤንክላማይድ የወረደ ስኳር ከተመለሰ በኋላም ደግሞ ስለሚወርድ፣ "ተሻላቸው" ብላችሁ አትተዉአቸው።

የፋርማሲ ባለሙያዎችንም እንጠይቅ፦ ካርቶኑ ላይ "ጠዋት አንድ" ከመጻፋችሁ በፊት "እናትሽ ይፆማሉ?" ብሎ መጠየቅ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?