የሚንቀጠቀጠው የጋዝ መኪና ትርፉን የት አደረሰው?

ቤንዚን በተወደደ ቁጥር ገበያው የሚደራለት አንድ ሥራ አለ፤ የቤንዚን መኪናን ወደ ጋዝ መቀየር። ቱርክ ውስጥ በፈሳሽ ጋዝ የሚሄዱ መኪናዎች ቁጥር ወደ አምስት ሚሊዮን የተጠጋ ሲሆን የካይሮ ታክሲዎች ደግሞ ከ1990ዎቹ አንስቶ የተፈጥሮ ጋዝ ደንበኞች ናቸው። ናይጄሪያ ውስጥ ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 2023 የነዳጅ ድጎማ ማብቃቱን ባስታወቁ ማግሥት፣ ከ200 ናይራ በታች ይሸጥ የነበረው ሊትር ቤንዚን ከ500 ናይራ በላይ ዘለቀ። መንግሥትም ሕዝቡን ወደ ተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ለማሻገር ፕሮግራም ዘረጋ፤ ቀያሪ ጋራዦችም እንደ አሸን ፈሉ።

ሥራው በደራበት አገር ሁሉ ግን ከቀያሪው ደጃፍ የማይጠፋ ቅሬታ አለ። መኪናው ጋዝ ከተገጠመለት ወዲህ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ ይደክማል፤ አልፎ አልፎም ያስነጥሳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይቆጥባል የተባለው መኪና ጭራሽ ጠጪ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ወደ ገጠመለት ሰው ሲመለስ «ጋዝ ነዋ! ጠባዩ ነው» ይባላል። ወደ ሌላ መካኒክ ሲሄድ ደግሞ «ጋዙን ነቅለህ ጣለው» የሚል ምክር ያገኛል። በሁለቱም መልሶች ኪሱ የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ነጋዴ ሊሠራው ይችላል። በመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ ታክሲ ይኑር። ጋዙ የቤንዚኑን ግማሽ ዋጋ ያወጣል እንበል። ሥራው በደንብ ከተሠራ መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ያህል ጋዝ ይፈጃል፤ ዋጋው የ6 ሊትር ቤንዚን ነው። ቁጠባው እንግዲህ የ4 ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሆነ ማለት ነው። ሞተሩ ታሞ 16 ሊትር ጋዝ ቢጠጣስ? የ8 ሊትር ቤንዚን ዋጋ ይወጣል፤ ቁጠባው ወደ 2 ሊትር ያሽቆለቁላል። የጋዙ ፍጆታ በሲሶ ሲጨምር ትርፉ በግማሽ ወረደ። ለመቀየሪያው የተከፈለው ገንዘብ 1,200 ሊትር ቤንዚን የሚገዛ ከነበረ፣ በጤነኛው መኪና በ30,000 ኪሎ ሜትር ይመለሳል፤ በታማሚው ግን 60,000 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። በቀን 200 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ባለታክሲ ልዩነቱ 150 ቀን ነው። ገንዘቡ የተወሰደው በወለድ ከሆነ ደግሞ የቀረውን ራሱ ያስላው።

እዚህ ላይ ጋዙን ያለጥፋቱ ላለመክሰስ አንድ ነገር መለየት አለበት። ፈሳሽ ጋዝ በሊትር የሚይዘው ኃይል ከቤንዚን በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ የሊትሩ ቁጥር ከ15 እስከ 25 በመቶ ቢጨምር የተፈጥሮ ሕግ እንጂ ብልሽት አይደለም። ከ30 በመቶ ሲያልፍ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል። አለካኩም ቢሆን ብዙ ሰው ያሳስታል። የጋዝ ታንከር የሚሞላው እስከ 80 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ጋዙ በሙቀት ሲለጠጥ መተንፈሻው ነው። 50 ሊትር የተጻፈበት ታንከር 40 ሊትር ብቻ ቢቀበል አልተሰረቀም። መሙያውን የሚዘጋው ቫልቭ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለማይዘጋ በአንድ ሙሌት የሚሠራ ሒሳብ አያስተማምንም። ከአንድ ማደያ ሦስት አራት ጊዜ ሞልቶ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቦ፣ በመካከሉ የተቃጠለውንም ቤንዚን መጨመር ያስፈልጋል። አዎን፣ የጋዝ መኪና ቤንዚንም ይጠጣል፤ ዘመናዊው መሣሪያ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የሚነሳው በቤንዚን ነው። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ መኪና ጋዙን ሳያይ ሊውል ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ከመነሻውም መቀየሩ አክሳሪ ነበር፤ ገጣሚው ግን ይህን አይነግረውም።

ወደ መንቀጥቀጡ እንመለስና፣ ትልቁ ስህተት ምርመራውን ከጋዙ መሣሪያ መጀመር ነው። መንቀጥቀጡና የነዳጅ ብክነቱ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይመስላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አንድ ናቸው። አንዱ ሲሊንደር ሳይቀጣጠል ሲቀር ያልተቃጠለው አየር ከነኦክስጂኑ ወደ ጭስ ማውጫው ይወርዳል። እዚያ የተተከለው የኦክስጂን ሴንሰር ኦክስጂኑን ሲያይ «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ለኮምፒውተሩ ያሳብቃል። ኮምፒውተሩም የታዘዘውን ያደርጋል፤ ለሁሉም ሲሊንደር ነዳጅ ይጨምራል። መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠም ቁጥር ይጠጣል። ያልተቃጠለው ነዳጅ በጭስ ማጣሪያው ውስጥ ሲነድ ደግሞ ማጣሪያውን ያቀልጠዋል፤ ዋጋውን የጠየቀ ሰው ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሲሊንደሩ ለምን ሳይቀጣጠል ቀረ? ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ፊት የሚቆመው ካንዴላ ነው። የጋዝና የአየር ድብልቅ ለመቀጣጠል ከቤንዚን የበለጠ የኤሌክትሪክ ግፊት ይጠይቃል። ስለዚህ ያረጀ ካንዴላ፣ የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ ወይም የደከመ ኮይል በቤንዚን ሲሸፍን ከርሞ በጋዝ ይጋለጣል። «በቤንዚን ደህና ይሠራል፤ እንግዲያውስ ጥፋቱ የጋዙ ነው» የሚለው ሙግት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ብልህ ጋራዥ የካንዴላውን ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ 0.7 ወይም 0.8 ያጠባል፤ ካንዴላውንም ከቤንዚን መኪና ቀድሞ ይለውጣል። ይህን የሚያህል ርካሽ መድኃኒት ተይዞ፣ ስንቱ ባለመኪና ነው ሬዱሰርና ኢንጀክተር ሲያስቀይር የከረመው?

ካንዴላው ከተጣራ በኋላ መታየት ያለበት አየር ነው። ኢንጀክተር በሌላቸውና በሚክሰር በሚሠሩት አሮጌ መኪናዎች ላይ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ድብልቁን ያወፍረዋል፤ ፍጆታውም ወዲያው ይወጣል። የሚያስነጥሱትም በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው። ጋዙ ማኒፎልድ ውስጥ ተሰብስቦ ስለሚቆይ እሳት ወደ ኋላ ሲመለስበት የፊልትሮውን ቤት ይበታትነዋል፤ በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች ጋዙ የሚገባው በየሲሊንደሩ በር ላይ ስለሆነ ይህ ጉዳት ብርቅ ሆኗል። በነዚህኛዎቹ ግን የጎማ ቱቦው ደርቆ ሲሰነጠቅ ወይም ማኒፎልዱ ሲበሳ የተረፈው ቀዳዳ አየር ሲስብ ሚኒሞው ይረበሻል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የሳሙና ውኃ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ቢረጭና የሞተሩ ድምፅ ቢለወጥ ቀዳዳው ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ሙቀት አለ። ፈሳሹን ጋዝ ወደ እንፋሎት የሚለውጠው ሬዱሰር የሚሞቀው በራዲያተሩ ውኃ ነው። ውኃው ጎድሎ ወይም አየር ገብቶበት ከሆነ ሬዱሰሩ በረዶ ይለብሳል፤ መኪናውም ዳገት ላይ ይሞታል። ሞተር እንዳይግል በሚል ሰበብ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዥ የተለመደ «ጥበብ» ነው። እንዲህ የተደረገበት ሞተር በወጉ አይሞቅም፤ በቤንዚንም በጋዝም ይበላል፤ ሬዱሰሩም እንደቀዘቀዘ ይኖራል። ስለ ፊልትሮዎቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የፈሳሹም የእንፋሎቱም ፊልትሮ እንደ ጋዙ ጥራት ከ10,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይለወጣል፤ ቅባታማውን ዝቃጭም ከሬዱሰሩ ማፍሰስ ይገባል።

የመጨረሻውና አስፈሪው ቴስታታ ነው። የቫልቭ መቀመጫቸው ለስላሳ በሆነ ሞተሮች ላይ ጋዝ ቫልቩን ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ያሰምጠዋል፤ የቫልቩ ክፍተት ይጠብና መዝጋት ያቅተዋል። ምልክቱ ሲሞቅ የሚብስ የሚኒሞ መንቀጥቀጥ ነው። ክፍተቱ በጊዜው ከተስተካከለ ወጪው የአንድ ቀን የእጅ ዋጋ ነው፤ ችላ ከተባለ ግን ቴስታታ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ሞተር መሆኑን ሳያጣራ ጋዝ የገጠመ ሰው ሳጥን ሸጠ እንጂ ሥራ ሠራ አይባልም።

ወቀሳው በተለይ ሊያርፍ የሚገባውም በዚህ ሳጥን ሻጭነት ላይ ነው። የኢጣሊያው ላንዲ ሬንዞና የፖላንዱ ስታግ የሚያወጧቸው ዘመናዊ መሣሪያዎች የቤንዚኑን ኮምፒውተር ትእዛዝ እየሰሙ ወደ ጋዝ ቋንቋ የሚተረጉሙ ናቸው። ትርጉሙ እንዲሰምር መኪናው ቆሞ በሚኒሞ የሚደረገው የመጀመሪያ ማስተካከያ አይበቃም፤ ላፕቶፕ ይዞ መንገድ ላይ መውጣት፣ ዳገት ማስወጣት፣ በየፍጥነቱ ማየት ያስፈልጋል። ግማሽ ቀን የሚጠይቀው ይህ ሥራ ነው፤ ብዙው ጋራዥ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ቀጣዩ ደንበኛ ተሰልፏላ! ውጤቱም ባለንብረቱን የሚያደናግር ይሆናል። ጋዙ ሲያንስ የቤንዚኑ ኮምፒውተር «ልጨምር» እያለ በማኅደሩ ይመዘግባል፤ መኪናው ወደ ቤንዚን ሲመለስ ያንኑ ጭማሪ ይዞ ስለሚነሳ ቤንዚኑ ይወፍራል። ሰውየውም «ጋዝ ገብቶ ቤንዚኑንም አበላሸብኝ» ይላል። እውነቱን ነው፤ አበላሽ የሆነው ግን ጋዙ ሳይሆን ያልተሠራው ማስተካከያ ነው።

ለገዥም ሆነ ለደላላ ደግሞ ይኸው ማኅደር ጥሩ ምስክር ነው። የሞቀ መኪና መጀመሪያ በቤንዚን፣ ቀጥሎ በጋዝ ተነድቶ ኮምፒውተሩ በሁለቱም ነዳጅ ስንት በመቶ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ በተራ ስካነር ይነበባል። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራርበው ከዜሮ ብዙ ካልራቁ ሥራው ንጹሕ ነው። በቤንዚን ዜሮ ሆኖ በጋዝ 20 ካለ ማስተካከያው አልተሠራም፤ ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል፤ ወይም ኢንጀክተሩ ደክሟል። በሁለቱም ከራቀ ደግሞ ችግሩ የሞተሩ የራሱ ስለሆነ የዋጋ ክርክሩ በዚያው ልክ መሆን ይኖርበታል። ዛሬ በብዙ ገበያ «ጋዝ ገብቶለታል» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ ያወጣል ወይም ያወርዳል። ሁለቱም ግምት ነው። የአሥር ደቂቃ ንባብ ግምቱን በቁጥር ይተካዋል፤ ሻጩ ይህን ንባብ እምቢ ካለም እምቢታው ራሱ መልስ ነው።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ምኑ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያሉት መኪናዎች በቀላሉ የሚተኩ አልሆኑም። በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ደግሞ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ የመቀየሪያ ንግድ ቢታሰብ የሚያስገርም አይሆንም፤ ገንዘቡን ሊያፈስ የሚያስብም ከወዲሁ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅመዋል።

አንደኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ባሕር አጠገብ ለሚነዳ መኪና የተስተካከለ የሚክሰር መሣሪያ እዚህ ሲመጣ ድብልቁ ይወፍራል፤ ፍጆታውም ይጨምራል። ጉልበት ቀድሞውንም በከፍታው የተቀነሰበት ሞተር ነው ጋዙ ደግሞ አሥር በመቶ ያህል የሚቀንስበት። ማስተካከያው እዚሁ፣ በእንጦጦ ዳገት ላይ ካልተሠራ የውጭው የምስክር ወረቀት ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው የጋዙ ዓይነት ነው። የካሉቡ በአብዛኛው ሜቴን የሆነ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ማእድ ቤት በቡታጋዝነት የሚታወቀው ፈሳሽ ጋዝ ግን ፕሮፔንና ቡቴን ነው። የፈሳሹ ታንከር በተለምዶ ከ10 ባር በታች ግፊት ሲይዝ የተጨመቀው የተፈጥሮ ጋዝ ሲሊንደር 200 ባር ይሸከማል። ሬዱሰሩም፣ ቱቦውም፣ መሙያውም የተለያየ ነው። ለአንዱ የተሠራው ዕቃ «ለሁለቱም ይሆናል» ተብሎ ከቀረበ፣ ያ ዕቃ በመርካቶ ዋጋ ርካሽ ቢሆንም የሚገዛ አይደለም።