ሴንጢ በብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይመዘንም

ውድ ሴንጢዎችን በብረታቸው ጥንካሬ ብቻ ደረጃ የሚሰጠው በኅትመት የቀረበ አስተያየት ከመሠረቱ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ቶሎ አለመዶልዶምና በቀላሉ መቁረጥ የተለያዩ ባሕርያት ናቸው። ኤስ30ቪ የተባለው ብረት 4 በመቶ ቫናዲየም ስላለው፣ ይህም ከካርቦን ጋር ተዋሕዶ ካርባይድ የሚባሉ እጅግ ጠንካራ ቅንጣቶችን ስለሚፈጥር፣ ስለቱ ካርቶን ሲቀድ ቢውልም ቶሎ አይዶለዱምም፤ ያው ጥንካሬ ግን በተራ መሳያ ድንጋይ መልሶ መሳሉን አድካሚ ያደርገዋል። የመቁረጥ ቅለት በይበልጥ የሚመነጨው ከስለቱ ስስነት ነው። ጀርባው ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋውና የክሪስ ሪቭ ሥሪት የሆነው ውዱ ሴንጢ ሴበንዛ ወፍራም ካሮት ውስጥ ሲገባ ሰንጥቆ ሲገነጥለው፣ የፈረንሳይ ሳቯ ሥሪት የሆነውና ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላው ርካሹ 8 ቁጥር ኦፒኔል ያለ ትግል ያልፋል። የሴበንዛ እውነተኛ ብልጫ መቆለፊያው ነው፤ ከቲታኒየም እጀታው ተሰንጥቆ የወጣው ልሳን እንደ ሞላ ተወጥሮ የስለቱን ሥር ከኋላ ስለሚደግፍ ሴንጢው በጣት ላይ አይታጠፍም፤ አስተያየቱ ግን ስለዚህ አንድም ቃል አላነሣም።