ሣሩ ሳይጠበቅ እንግዳው አይመጣም

ጎብኚ ለገጠሩ ሕዝብ የገቢ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል በየስብሰባው ይነገራል። ይሁን እንጂ ጎብኚው ምን ሊያይ እንደሚመጣ፣ የሚያየውንም ነገር ማን ጠብቆ እንዳቆየው አስቀድሞ ካልተጤነ ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚያመዝንበት ጊዜ ይኖራል። በዚህ ረገድ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሩቅ አገር ሳይሄዱ ከመንዝ የሚቀስሙት ልምድ አለ።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኘው የጓሳ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታና ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። የጓሳ ሣር ለመንዝ ገበሬ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ በክፉ ቀንም የከብት መኖ ነው። ከደጋው የሚመነጨው ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩትም በዚሁ ሣር መካከል ነው።

ሣሩ እስከ ዛሬ የቆየው እንዲያው አይደለም። የአካባቢው አባቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ባቆሙት ሥርዓት ጓሳው ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። በተዘጋበት ወራት ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው። የሚከፈትበትን ቀን የሚያውጁት የተመረጡት አለቆች ነበሩ።

የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ሲሆን በርስት ላይ የቆመው ይህ ሥርዓት ቀረ። ጓሳው ባለቤት ያጣ መሰለና አጫጁም አሰማሪውም በረከተ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በዙሪያው ያሉት ገበሬ ማኅበራት ጥፋቱን ቆመው አላዩም፤ በዕድር መልክ ተሰባስበው ደንብ አወጡ፣ ጥበቃውንም እንደገና አቆሙ። የቀድሞው ሥርዓት መብቱን ለባለ ርስት ዘር ብቻ የሰጠ ስለ ነበር፣ አዲሱ ቀድሞ ያልነበራቸውንም አቀፈ። የማኅበረሰቡ የእንግዳ ማረፊያ የተሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል።

የስሜን ተራሮች ታሪክ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም እርሻና ግጦሽ እየገፋው፣ ዋልያም እየተመናመነ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ዝና ብቻውን አጥር አይሆንም ማለት ነው።

እንግዳ ደግሞ እንደ ዝናብ ነው፤ ይመጣል፣ ይቀራልም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መንገዱን ዘጋ፣ ከዚያ ወዲህም በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተከሰተው ግጭት ብዙ ጎብኚዎችን አስቀርቷል። ኑሮውን በጎብኚ ላይ ብቻ የመሠረተ መንደር እንዲህ ባለው ዘመን ባዶ እጁን ይቀራል። ሣሩ ያለው ግን ቢያንስ የሚከድነውና የሚያበላው አያጣም። ስለዚህ የጎብኚ ገቢ ድጎማ እንጂ ምሰሶ ሊሆን አይገባውም።

ማረፊያ ለመሥራት የሚያስብ ማኅበር ከግንቡ በፊት ማገዶውን ማሰብ አለበት። ለእንግዳ ምግብ ማብሰያና መሞቂያ ተብሎ አስታው ከተጨፈጨፈ፣ እንግዳው ሊያይ የመጣውን ራሱ አነደደው ማለት ነው። የውሻም ነገር ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የሌለው ቀይ ቀበሮ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ በአገሪቱ በሙሉ ከ500 ያነሰ እንደሆነ ይገመታል። በ1996 ዓ.ም. ባሌ ላይ ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በጥብቅ ቦታ ዙሪያ ያለ ውሻ ሁሉ ሊከተብ፣ ከእረኛ ጋር ወደ ደጋው መውጣቱም ሊቀር ይገባል።

የቀረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው፤ ብዙ መልካም ሥራም የተበላሸው በዚሁ ነው። ከእንግዳ የተገኘው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ለጠባቂ፣ ለበቅሎ አከራይና ለመንገድ መሪ ስንት እንደተከፈለ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለምንጭ ማጎልበቻ ምን እንደተረፈ ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ብቻ ሊያውቁት አይገባም። ሒሳቡ ሰው ሁሉ በእርሻ ላይ በተጠመደበት ሰኔ ሳይሆን፣ አውድማ ከተነሳ በኋላ ሴቶቹም ወጣቶቹም በተገኙበት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበብ።