ማን ጎደለን?



አንድ ልጅ «ማንም አይወደኝም፣ ጓደኛ የለኝም» ሲለን አፋችን ላይ የተዘጋጀች መልስ አለች፤ «ኢማንህ ደክሞ ነው፣ ቁርኣን ቅራ»። እኛ የመስጂድ ሰዎች ይህችን መልስ ስንት ጊዜ ተናግረናታል! ዛሬ የምንሞግተው እሷን ነው፤ ራሳችንንም ጭምር።

ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) ልጃቸው ዩሱፍ ከተለያቸው በኋላ ከሐዘን ብዛት ዐይናቸው ነጣ። ኢማናቸው ደክሞ ነበር የሚል ደፋር ካለ ይምጣ። ቁርኣን መድኃኒት ነው፤ እኛ ግን ልጁን ከፊታችን ማባረሪያ አደረግነው።

እስቲ እዚሁ ውጫሌ፣ ከአምባሰል ገጠር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረውን ልጅ እንየው። ክፍል ውስጥ በአነጋገሩ «ባላገር» ይሉታል። ማታ ብቻውን ቲክቶክ ከፍቶ የእኩዮቹን ሳቅና የላይክ ቁጥር ያያል። በ2014ቱ ጦርነት በልጅነቱ ያየውንም ቁጭ ብሎ የጠየቀው የለም። መስጂድ ሲመጣ ከኋላ ሶፍ ይቆማል፤ ኢማሙ እንዳሰላመቱ ይወጣል። ዝምታውን «ኩራት ነው» ብለን ተረጎምነው። የከተማችን ስም በ1881ዱ ውል፣ በአንቀጽ 17 የትርጉም ጠብ መታወቁን ግን ከኛ በላይ ማን ያውቃል? እህቶቻችን ዘንድማ ይብሳል፤ ከሴቶች ሶፍ ማን እንደቀረች የሚያይ እንኳ የለም።

ጁለይቢብን (ረ.ዐ) አስታውሱ። ሰዎች ልጃቸውን ሊድሩለት ያቅማሙበት ሶሐባ ነው። ከአንድ ዘመቻ በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማን እንደጎደለ ሲጠይቁ ሰዎቹ ሌሎችን ስም ጠሩ። እርሳቸው ግን ጁለይቢብን እንዳጡት ተናገሩ፤ አስፈለጉት። ሰባት ጠላት ጥሎ አጠገባቸው ሸሂድ ሆኖ ተገኘ። ቀብሩ እስኪቆፈር በገዛ ክንዳቸው ይዘውት ቆዩ። ሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ ያለ ነው።

እኛስ? ሱቅ ያላቸው ሐጂ አንድ ጁሙዓ ከቀሩ «ምን ሆነው ነው?» እንላለን። ያ ልጅ ሦስት ሳምንት ሲጠፋ በሩን ማን አንኳኳ?

«ልጆቹን አታቅብጧቸው» የሚሉ ታላላቆች አሉ። እናከብራቸዋለን፤ ነገር ግን በስሙ ጠርቶ «እንዴት አደርክ?» ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ማቅበጥ የሆነው? መኖር አስጠልቶኛል የሚል ልጅ ከገጠመን ደግሞ ዱዓ እናድርግለት፣ ብቻውን አንተወው፣ ይዘነውም ሐኪም ዘንድ እንሂድ። መታከምን ያዘዙት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ከኋላ ሶፍ የሚቆመውን ልጅ ስሙን እንጠይቀዋለን። እስካሁን አናውቀውም።