የሕፃን እግር የትምህርት ቤት በር መክፈቻ ይሁንን?

በአዲስ አበባ ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ አያት ባለው ሰፊ አካባቢ የግል ትምህርት ቤቶች በብዛት ይገኛሉ። በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች ተወርሰው ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን በግል ትምህርት ቤት መክፈት እንደገና ስለ ተፈቀደ፣ ከተማው ወደ ምሥራቅ በሰፋ ቁጥር እነሱም አብረው ተስፋፉ። ስመ ጥር በሆኑት ዘንድ የፈላጊው ብዛት ከመቀመጫው ይበልጣል። ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ መምረጥ ግድ ይሆናል። ለመሆኑ ገና ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን በምን ይመረጣል?

ለዚህ ጥያቄ ከሚሰነዘሩት መልሶች አንዱ፣ «የልጁ የስፖርት ችሎታ ይታይ፤ ፈጣንና ቀልጣፋ የሆነው ቅድሚያ ያግኝ» የሚል ነው። ሐሳቡ በችኮላ የሚጣል አይደለም። ደጋፊዎቹ ሦስት ምክንያቶች ያቀርባሉ። አንደኛ፣ ትምህርት አእምሮን ብቻ ሳይሆን አካልንም ማነፅ አለበት ይላሉ። ሁለተኛ፣ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ፣ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ በመሆን አገራችንን ያስጠሩት በእግራቸው መሆኑን ያስታውሳሉ። ሦስተኛ፣ ከእግሩ በቀር ሀብት የሌለው የድኻ ልጅ በዚህ መንገድ ጥሩ ትምህርት ቤት ሊገባ ይችላል ይላሉ።

እነዚህ ምክንያቶች መልካም ቢመስሉም፣ ሕፃንን በሩጫና በዝላይ መዝኖ መቀበል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

በመጀመሪያ፣ ሚዛኑ ራሱ የተዛባ ነው። በአገራችን ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው። ነገር ግን ሰባት ዓመት ገና የሞላውና ስምንት ሊሞላው አንድ ወር የቀረው ሁለቱም የሰባት ዓመት ልጆች ይባላሉ። የአሥራ አንድ ወር ልዩነት በአዋቂ ዘንድ ከቁም ነገር አይቆጠርም፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን የዕድሜው አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ታላቁ ቢቀድም ችሎታ ስላለው ሳይሆን ቀድሞ ስለ ተወለደ ሊሆን ይችላል። በካናዳ በበረዶ ላይ የሚካሄደውን የሆኪ ጨዋታ ያጠኑ ሊቃውንት፣ በተመረጡ ቡድኖች ውስጥ በአውሮፓውያን ዓመት መጀመሪያ ወራት የተወለዱት በመጨረሻዎቹ ወራት ከተወለዱት እጅግ እንደሚበዙ ካስተዋሉ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗል። የተመረጠው ዕድሜ እንጂ ተሰጥኦ አልነበረም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የጀግኖቻችን ታሪክ ራሱ ይህን ሐሳብ አይደግፍም። አበበ ቢቂላ በሮም ሲያሸንፍ የ28 ዓመት ሰው ነበረ። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የማራቶንን ድል የተቀዳጀው በ36 ዓመቱ ነው። በሕፃንነታቸው ማን ሊያውቃቸው ይችል ነበር? ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በአሰላ አቅራቢያ ካለው የወላጆቹ ቤት ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ትምህርት ቤቱ እግሩን መዝኖ አልተቀበለውም፤ እግሩን ያጠነከረው ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ነው። በበቆጂም ቢሆን የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱንና ቀነኒሳ በቀለን ያገኟቸው፣ ለከተማይቱ ልጅ ሁሉ በሩን ከፍቶ ከነበረ ተራ ትምህርት ቤት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ሐሳቡ ድኻውን የሚጠቅም መስሎ ባለጸጋውን ይጠቅማል። በቦሌ አካባቢ ዋና የሚለማመደውና በአሠልጣኝ እግር ኳስ የሚማረው ወላጁ የሚከፍልለት ልጅ ነው፤ የጎረቤቱ ልጅ ግን በመንደር መንገድ የጨርቅ ኳስ ያንከባልላል። ሁለቱ በአንድ ቀን ቢፈተኑ የሚለካው የልጆቹ እግር ሳይሆን የወላጆቻቸው ኪስ ነው። በአሜሪካ በ2011 ዓ.ም. የተጋለጠው ወንጀልም ትምህርት ይሰጠናል። እዚያ አንዳንድ ባለጸጎች ለአሠልጣኞች ጉቦ እየሰጡ፣ ተጫውተው በማያውቁት ስፖርት ልጆቻቸውን ስፖርተኛ አስመስለው ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች አስገብተው ነበር። ስፖርት የመግቢያ ዋጋ ሲሆን እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣል፤ ይለወጣል።

ደግሞስ በእግሩ የገባ ልጅ፣ እግሩ የተሰበረ ቀን ወንበሩም ይወሰድበታልን? አካሉ የተጎዳ ሕፃንስ ከመጀመሪያው በሩ ሊዘጋበት ነውን? ድኻን መርዳት የሚሻ ትምህርት ቤት፣ ድኽነቱን አይቶ በነፃ ያስተምረው እንጂ አያሯሩጠው።

ይህ ማለት ግን ስፖርት ይናቅ ማለት አይደለም። በከተማችን ካሉት የግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ለመኖሪያ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ የተከፈቱ ሲሆኑ፣ ግቢያቸው ጠባብና በሲሚንቶ የተለበጠ ነው። የሚሮጥበት ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ሯጭ ሕፃን መምረጡ፣ ጋጣ ሳይሠሩ ፈረስ እንደ መግዛት ይቆጠራል። ስለዚህ አስቀድሞ ሜዳው ይዘጋጅ፤ ልጆችም ሁሉ ይጫወቱበት። ከመቀመጫው በላይ ፈላጊ ሲመጣም ምርጫው በዕጣ ወይም በምዝገባ ተራ ይሁን። ልዩ ተሰጥኦ ያለው ልጅ አካሉ ከጠና በኋላ የስፖርት አካዳሚዎች ቢመርጡት ያን ጊዜ ሚዛኑ እውነተኛ ይሆናል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። እንቁላሉ ሳይፈለፈል «ሩጥ» ማለት ግን ማስተዋል የጎደለው ፍርድ ነው። የትምህርት ቤት ተግባር የጠነከረ እግር መልቀም ሳይሆን፣ የገባውን ልጅ ሁሉ በአካልም በአእምሮም ማጠንከር ነው። እናንተም ወጣት አንባብያን፣ የሁለቱንም ወገን ምክንያት መዝናችሁ ፍረዱ።